ቋጠሮ የሌለው ስፌት

ጥቁሯን መኪና ኮረብታውን ስትወጣ ቀድማ ያየቻት እትዬ ኦክጃ ናት። ከጎረቤቷ ከማልሱን ጋር ግቢው ውስጥ ቁጢጥ ብለው ኪምቺ ለሚሉት የክረምት ስንቅ ጥቅል ጎመን በጨው እያሹ ነበር።

«ያቺ መኪና ወደናንተ ነው የምትመጣው» አለች እትዬ ኦክጃ ጨዋማ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች። «ወይ ሊያጩሽ ነው፣ ወይ ሊከሱሽ።»

«የታላቁ ቤት ሰዎች ሐዘን ላይ ናቸው፣ እትዬ። ቀልዱ ይቅር።»

«ሐዘኑንማ ትናንት ሰምቻለሁ። ሽማግሌው ሰማንያ ዓመት ኖረው በገዛ ምንጣፋቸው ላይ አረፉ። እንዲህ ያለ ሞት ለኔም ይስጠኝ። እኔ የገረመኝ ሬሳ እቤት አስቀምጠው እዚህ ምን እንደሚፈልጉ ነው።»

ማልሱን ከሰማንያ ቀን በላይ የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር መወርወሪያ የያዘ እጇን ገትታ ስታዳምጥ ኖራለች። አሁን መኪናው በእርግጥ ሲመጣ ግን እጇ ጎመኑ ውስጥ እንደተቀበረ ቀረ።

ሾፌሩ በሩ ላይ ቆሞ አንገቱን ሰበር አደረገ። «እመቤት የጌታውን መግነዝ የሰፋው ሰው አሁኑኑ ይምጣ ብለዋል።»

«ምን ተገኘበት?»

«እኔ ሾፌር ነኝ፣ እህቴ። የማውቀው መንገዱን ነው።»

የማልሱን እናት እማማ ቦንግኔ ከጓዳ ሆና ሰምታ ኖሮ ግድግዳውን ተደግፋ ወጣች። «የሰፋሁት እኔ ነኝ። ጫማዬን አቀብሉኝ» አለች።

በአንዶንግ ዙሪያ ሳምቤ የሚሉትን የቃጫ ጨርቅ ሸምኖ መግነዝ በመስፋት እማማ ቦንግኔን የሚያህል የለም ይባል ነበር። እውነቱ ግን ዓይኗ ከደከመ ሦስት ዓመት አልፏል፤ መርፌውን የምትይዘው ማልሱን ናት። ይህን ምስጢር ከቤታቸው ውጭ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ትናንት አባቱ የሞተበት ሰው ነው።

«አንቺ ተቀመጪ እማዬ። በዚህ ጉልበትሽ የት ትደርሻለሽ? እኔ እሄዳለሁ።»

እናቷ ጥቂት አየቻት። «የአርባ ዓመት ስሜን ይዘሽ ነው የምትሄጂው» አለቻት። «እንደ እንቁላል ያዢው።»

መኪናው ውስጥ ማልሱን እጇን አሸተተች፤ ጨውና ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ወደዚያ ቤት የምትገባበትን ቀን ስንት ጊዜ በሐሳቧ ሠርታው ነበር። በአንዱም ላይ እጇ ነጭ ሽንኩርት አይሸትም ነበር።

*

የሟቹ ልጅ ኢንሶፕ የታላቁ ቤት በኩር ነው። ዐሥራ አራት ትውልድ የቆየ ቤት ወራሽ፣ የአባቶቹን መታሰቢያ ማዕድ የሚያቀርብ፣ ሚስቱም ከቤቱ እኩል ከሆነ ቤት እንድትመጣ የሚጠበቅበት ሰው። እሱ ግን ሴኡል ሄዶ የልብስ ሙያ ተማረና ተመልሶ አንዶንግ ከተማ ውስጥ ጠባብ ሱቅ ከፈተ። ከመግነዝና ከሐዘን ልብስ በቀር ለሌላ የማይታሰበውን ሳምቤ እየቆረጠ፣ ሰው ለብሶት ቢሮ የሚሄድበት የበጋ ሸሚዝና ሱሪ ይሰፋ ጀመር። አባቱ ይህን የሰሙ ቀን ልጃቸውን ማናገር አቆሙ።

ወደ ሸማኔዎቹ መንደር መጀመሪያ የመጣ ጊዜም ያልሳቀበት አልነበረም። «አውቶቡስ ውስጥ የሬሳ ልብስ ለብሶ የቆመ ሰው ባይ፣ ወንበሬን ለቅቄለት በመስኮት እዘላለሁ» ብላው ነበር እትዬ ኦክጃ። ማልሱን ግን አልሳቀችም። ክሩን ቀጠን፣ ድሩን ጠበቅ አድርጋ ብትሸምነው ገላ እንደማይኮሰኩስ ገባትና ዝም ብላ ሠራችለት። የቃጫውን ልጥ በጥርሷ እየሰነጠቀች ጭኗ ላይ ስትፈትል፣ የሚለብሰውን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑ ተከፍቶ ታስበው ጀመር።

ጨርቁን ጠቅልላ የምትልክበትን የቀርከሃ ዘንግ እሱ ባዶውን ይመልስላታል፤ በቀርከሃው ቀዳዳ ውስጥ ደብዳቤ ይገኛል። «ሙታን ቀላልና ነፋሻ ልብስ ለብሰው ተኝተዋል፤ እኛ በናይለን እንቀቀላለን። ይህ ፍትሕ ነው ትያለሽ?» ይላል አንዱ። «ዛሬ አንድ የባንክ ሠራተኛ ያንቺን ጨርቅ ለብሶ ከሱቄ ወጣ። እስኪሰወር ድረስ በመስኮት አየሁት። ያየሁት ሰውዬውን አልነበረም፤ እጅጌውን ነው» ይላል ሌላው። የዚያን ዕለት ማልሱን ማታ ራት መብላት ረስታ ነበር።

የመጨረሻው ደብዳቤ የደረሳት በትርፉ ወር ነው። በጨረቃ አቆጣጠር በየጥቂት ዓመቱ አንድ ወር ይተርፋል፤ መናፍስት ሰውን የማያዩበት ወር ነውና የወላጆቹን መግነዝ በቁማቸው ሊያሰፋ የሚፈልግ ሁሉ ያን ወር ይጠብቃል። ታላቁ ቤትም አዝዞ ነበር። «ለአባቴ ከሚሰፋው ጥቅል ከተረፈው ለኔ አንድ ሸሚዝ ስፊልኝ» ይላል ደብዳቤው። «ሌላ ጨርቅ እንዳይሆን፤ ከዚያው ይሁን። እሱን ለብሼ አባቴ ፊት እቆምና ማን እንደሰፋችው፣ ለኔም ምኔ እንደሆነች እነግራቸዋለሁ።»

ማልሱን ሰፋችለት። ደብዳቤ ግን አልጻፈችም፤ እሷ የምትናገረው በእጇ ነው፣ ሸሚዙ ራሱ መልስ ይሆናል ብላ ላከችው።

ከዚያ በኋላ ቀርከሃው ባዶውን መጣ። ቀጥሎ ቀርከሃውም ቀረ። በመጨረሻ የመጣው ወሬ ነበር፤ ከየንግጁ ከተማ የትልቅ ሰው ልጅ፣ አስተማሪ፣ ለኢንሶፕ ልትታጭ ነው የሚል ወሬ። ማልሱን ወሬውን የሰማች ዕለት አምስት ክንድ ሸምና መልሳ ፈታችው፤ አንድም ክር ሳይበጠስ። ቢበጠስ ይሻላት ነበር።

*

ታላቁ ቤት ግቢ ውስጥ ድንኳን ተጥሏል። ጥቁር የለበሱ ወንዶች ቀይ የሥጋ ሾርባ ፊት ተቀምጠው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። ማልሱን ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ በግድግዳው ጥግ ጥግ አለፈች። አንገቷን ቀና ያደረገችው የጣውላው ወለል ሥር ደርሳ ጫማዋን ስታወልቅ ነው።

ኢንሶፕ በላይ ቆሞ ለቀስተኛ ይቀበላል። ጢሙ አድጓል። አባቱ ገና ሳጥን አልገቡምና እንደ ደንቡ ነጩን ካባ አንድ እጅጌውን ሳያስገባ ደርቦታል፤ የግራ ትከሻው ከካባው ውጭ ነው። እዚያ ትከሻ ላይ፣ በወፍራም የክረምት ሹራብ ላይ የተደረበ፣ ያ እሷ የሰፋችው ሳምቤ ሸሚዝ ይታያል።

በዚህ ብርድ የበጋ ሸሚዝ። ማልሱን ጫማዋን እንደያዘች ቆመች። ሸሚዙ ትከሻው ላይ ተተርትሯል፤ አፉን የከፈተውን ስፌት አንድ መርፌ ቁልፍ ይዞታል። የኔ ስፌት አይተረተርም፣ አለች በልቧ።

ዓይናቸው ተገናኘ። እሱ ፊቱን ወደ ለቀስተኛው መለሰና ጎንበስ አለ። እሷ ደግሞ ያ የተመለሰ ፊት ደረቷ ላይ እንደ ቀዝቃዛ ድንጋይ ተቀምጦባት ወደ ሴቶቹ ክፍል ገባች።

እመቤቲቱ ብቻቸውን ነበሩ። ቀጭን፣ ወገባቸው ቀጥ ያለ፣ ትናንት ባላቸው የሞተባቸው የማይመስሉ ሴት ናቸው። ፊታቸው የመግነዙ ካባ ተዘርግቷል፤ እጅጌው ወደ ውጭ ተገልብጧል።

«እናትሽስ?»

«ጉልበቷ አያራምዳትም፣ እመቤት።»

«አርባ ዓመት ስሟን ስሰማ ኖርኩ። ቅረቢና እዪ።»

ማልሱን ተንበርክካ አየች። ከብብቱ እስከ አንጓው በሚወርደው ስፌት ጫፍ ላይ፣ በጨርቁ ውስጥ በኩል፣ ጤፍ የምታክል ቋጠሮ አለች። ዝቅ ብሎ ሌላ። ከዚያም ሌላ።

መግነዝ የሚሰፋ ሰው ክሩን አይቋጥርም፤ መርፌውንም ወደኋላ አይመልስም። የሚሄደው ሰው ቂም ቋጥሮ እንዳይሄድ፣ ዓለምም ይዛ እንዳታስቀረው፣ ስፌቱ ሁሉ ልቅ ይሆናል። ይህን ለመማር ሰባት ዓመቷ ላይ በእናቷ ማስመሪያ ጣቷን ተመትታለች።

«ሊያለብሱት እጁን ሲያስገቡ የታናሽ ወንድሙ ሚስት በጣቷ ዳሰሰችው» አሉ እመቤቲቱ። «ሃምሳ ስድስት ዓመት አብሬው የኖርኩትን ሰው አሥሬ ልልከው ነበር። እናትሽ ምን አስባ ነው?»

«እናቴ አይደለችም» አለች ማልሱን። «እናቴ ዓይኗ አያይም። የሰፋሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ስሟን አያንሡባት።»

«አንቺ ነሽ?» እመቤቲቱ ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «የሸሚዙም ሴት አንቺ ነሻ።»

ያን ጊዜ ነው ቀኑ ተመልሶ የመጣላት። ደብዳቤው የደረሰበት ቀን። መርፌ መሰኪያዋ ላይ ሁለት መርፌ ነበር፤ በስተግራ ለመግነዙ የተዘጋጀው ክሩ ያልተቋጠረ፣ በስተቀኝ ለሸሚዙ የተቋጠረው። ጨርቁ አንድ፣ ክሩ አንድ፣ ነጭነቱም አንድ። ደብዳቤውን ሰባት ጊዜ አንብባ፣ ስምንተኛውን በልቧ እያነበበች፣ እጇን ዘርግታ...

ቋጠሮው እዚህ ከተገኘ፣ ያ ሌላው የት እንዳለ ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ትከሻው ላይ የተተረተረውን አይታዋለች። ለምትወደው ሰው፣ በቁሙ፣ የሙት ስፌት ሰፍታ ልካለታለች። ያለ አንድ ቃል ደብዳቤ።

እጇን አፏ ላይ አደረገች። እመቤቲቱ የእጇን እንቅስቃሴ፣ ከዚያም ፊቷን ተከታተሉ፤ እሳቸውም የሆነ ነገር ሲገባቸው ዓይናቸው ጠበበ። መቀስ ገፋ አደረጉላት።

«የቋጠረ እጅ ራሱ ይፈታዋል። በቤታችን ደንቡ እንዲህ ነው። ሳጥኑ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይዘጋል፤ ጊዜ የለሽም» ብለው ወጡ። በሩን ግን አልዘጉትም።

*

ሁለተኛዋን ቋጠሮ እየፈታች ሳለ የበሩ ብርሃን ጠቆረ። አንገቷን አላነሣችም፤ በእግሩ አወቀችው።

«ቋጠሮ አለበት አሉኝ» አለ ኢንሶፕ።

«አለበት።»

«ያንቺ እጅ አይሳሳትም።»

«ሰው ነኝ፤ ይሳሳታል።» መርፌዋን በክሩ ሥር አስገብታ ቀስ ብላ ሳበች። «የዚያን ቀን መርፌዎቹ ተለዋወጡብኝ። ይኸኛው እጅጌ የእርስዎ መሆን የነበረበትን ክር ወሰደ። የእርስዎ ሸሚዝ ደግሞ የዚህን።»

እሱ ደፉ ላይ ቁጭ አለ። ውጭ ሰው ያለቅሳል፤ የሳህን ድምፅ ይሰማል።

«እናቴ ናት መጀመሪያ ያየችው» አለ። «ሸሚዙን ገልብጣ፣ 'ይህ የሙት ስፌት ነው፤ ልጅቷ ሂድ፣ አልይዝህም ብላሃለች፤ ካንተ እሷ ብልህ ናት' አለችኝ። ሌላ ሰው ሰፍቶት ቢሆን ኖሮ ተሳስቶ ነው ብዬ እስቅ ነበር። ያንቺ እጅ ስለሆነ አመንኩ። ከማውቀው ነገር ሁሉ አንድ የማልጠራጠረው እሱን ነበር።»

«አንድ መስመር ጽፈው ቢጠይቁኝስ?»

«አንቺስ አንድ መስመር ጽፈሽ ብትልኪውስ?»

ማልሱን ወደ እጅጌው ጎንበስ አለች። ሦስተኛዋ ቋጠሮ ጠንክራለች፤ በጥፍሯ ፈለገቻት።

«የሙት ስፌት መሆኑን ካወቁ ለምን ለበሱት?»

«ያንቺ የሆነ ሌላ ነገር የለኝም።» ትከሻውን በጣቱ ነካ። «በለበስኩት ቁጥር ትንሽ ይተረተራል። ተተርትሮ ሲያልቅ እኔም እተዋታለሁ፣ ሄዶ የሚያልቅ ነገር ነው ብዬ ለራሴ ቀን ሰጠሁ።»

«ታዲያ መርፌ ቁልፉስ?»

ከትናንት ጀምሮ አባቱን ያለቀሰው ዓይኑ እንደገና እንባ ሞላ።

«እንዳያልቅ» አለ።

መርፌዋ ከጣቷ ወደቀ። አንሥታ ያዘችው፤ የመርፌው ቀዳዳ ግን አልታያት አለ።

«የየንግጁዋ አስተማሪስ?» አለች፣ ድምፅዋ እንዳይከዳት የጎረቤት ወሬ የምትጠይቅ አስመስላ።

«እናቴ ከእናቷ ጋር ሻይ ጠጣች። እኔ አልጠማኝም ነበር።»

ከኋላው ጣውላው ሲንቋቋ ኢንሶፕ ብድግ አለ። እመቤቲቱ ናቸው። መቼ እንደመጡ፣ ምን ያህል እንደሰሙ ከፊታቸው የሚነበብ ነገር የለም። ክፍሉ ውስጥ ገብተው መግነዙ አጠገብ ተቀመጡና እጅጌውን እስከ ጫፉ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ልቅ ነበር። አንዲት ቋጠሮ ብቻ ቀርታለች።

«ነሐሴ ላይ» አሉ፣ ለማን እንደሚናገሩ ሳይታወቅ፣ «ሙቀቱ በርትቶ የባሌ የጥጥ ልብስ ገላው ላይ ሲጣበቅበት፣ መገላበጥ ሲያቅተው፣ 'የዚያን ልጅ ሸሚዝ አምጪልኝ' አለኝ። ከሱቁ ሰው ልኬ አስገዛሁ። እስከ መስከረም አላወለቀውም።»

ኢንሶፕ ግድግዳውን ያዘ። «አልነገርሽኝም፣ እናቴ።»

«አትንገሪው አለኛ። ሁለት ዓመት ያላናገረውን ልጅ ሸሚዝ ለብሶ እንዴት ይናገር? 'ነፋስ ያስገባል' ይል ነበር ብቻ። 'የለበስኩት አይመስለኝም።'» የእመቤቲቱ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ፤ ጉሮሯቸውን ጠርገው አበጁት። «ጨርቁን የሸመነው ማን እንደሆነ ጠይቄ ነበር። እኔ የዚህ ቤት ሙሽራ ሆኜ ስመጣ ሰባት ሰንዱቅ ሐር ይዤ ነበር። በመጨረሻ በጋው የጠየቀው ግን የሸማኔ ልጅ ጨርቅ ነው። ተናድጄ ነበር፤ አልዋሽም።»

ማልሱን የመጨረሻዋን ቋጠሮ ፈታች። ክሩ ተንሸራትቶ ወጣ፤ እጅጌው ከጉልበቷ ላይ እንደ ውሃ ወረደ። በሁለት እጇ አንሥታ፣ ግንባሯን መሬት አስነክታ አቀረበችው።

እመቤቲቱ ካባውን ተቀበሏት። ተነሥተው በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ፤ ዞረው ግን አላዩም።

«ለሄደው ፈትተሽለታል» አሉ። «ለቆመው ደግሞ ቋጥሪለት። እንደዚያ በመርፌ ቁልፍ ተይዞ ሰው ፊት አይቁም፤ የቤቱ ስም አለ።» ከዚያም፣ ቀስ ብለው፣ «ሐዘኑ ዓመት ነው። ዓመት የማይጠብቅ ስፌት እንዳይሆን» ብለው ሄዱ።

ኢንሶፕ ካባውን ከትከሻው አውርዶ ሸሚዙን አወለቀና ሰጣት። በገላው ሙቀት ሞቋል። ማልሱን መርፌ ቁልፉን ነቅላ መዳፏ ውስጥ ያዘችው፤ ከዚያም ክር አስገብታ፣ ጫፉን በምራቋ አርጥባ፣ በአውራ ጣቷና በአመልካች ጣቷ መካከል አንድ ጊዜ ጠመዘዘችው። ያች ትንሽ ቋጠሮ ጣቷ ላይ ተፈጠረች። በሕይወቷ በሺህ የሚቆጠር ቋጥራለች፤ አንዱንም እንዲህ አላየችውም።

እሱ በሹራቡ ብቻ ቆሞ ያያታል። በክፍት በር የሚገባው ነፋስ የክረምት ነው።

«ብርድ ነው» አለችው፣ ከስፌቱ ቀና ሳትል። «ካባህን ደርብ።»

ለሦስት ዓመት እርስዎ ስትለው ኖራለች። ኢንሶፕ ካባውን ለማንሣት ጎንበስ እንዳለ ቀረ፤ እንደዚያ ሆኖ «አንተ» መባሉን ሰማ። ማልሱን ራሷም ሰማችው፤ አልመለሰችውም።

ከወዲያኛው ክፍል ጌታውን የሚያለብሱት ሰዎች ድምፅ መጣ፤ «ግራ እጃቸውን አስገቡ፣ ቀስ፣ ገባ፣ አሁን ገባ።» ሽማግሌው ምንም ሳይዛቸው ሄዱ። እሷ በዚህኛው ክፍል የሸሚዙን ትከሻ እስከ መጨረሻው ሰፋች፤ መርፌውን ወደኋላ መለሰች፤ ቋጠረች፤ በቋጠሮው ላይ ደግማ ቋጠረች። ክሩን በጥርሷ ስትቆርጠው ሳምቤው የኢንሶፕን ገላ ይሸት ነበር። ደረቷ ላይ ከጠዋት ጀምሮ የተቀመጠው ድንጋይ አልተነሣም፤ የሐዘን ቤት ነውና። ሙቀት ግን ጀምሮት ነበር።